እሳተ ገሞራ ይቀመሳልን?

ለዶክትሬት ትምህርቴ ጣሊያን አገር በነበርሁበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት በእራት ግብዣ ላይ ከኤትና ተራራ የመጣ ነጭ ወይን ጠጅ ተቀዳልኝ። ጋባዤ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «እሳተ ገሞራውን ቅመሰው» አለኝ። እኔ የቀመስሁት እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥና በመጨረሻው ላይ ጥቂት ጨው ጨው የሚል ነገር ነበር። ለጨዋነት ስል ግን ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ያን ምሽት ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ ለመመረቂያ ሥራው ያቀረበልኝ ሐሳብ ነው። የጎንደር ምድር የእሳተ ገሞራ ውጤት ስለ ሆነ እንደ ኤትና ያለ ልዩ ድብልቅ ነጭ ወይን ጠጅ ሊወጣው ይችላል፤ ስለዚህ የአካባቢው ገበሬዎች ወይን እንዲተክሉ ሊመከሩ ይገባል የሚል ነበር። መነሻው እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ከመነሻው አይወለድም።

በእርግጥም ከጎንደር ከተማ እስከ ስሜን ተራሮች የምንረግጠው ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ቀልጦ ከምድር ሆድ እየፈሰሰ ተደራርቦ የረጋ ነው። የፋሲል ግንብም የታነጸው በዚሁ ድንጋይ ነው። ወይንም ቢሆን ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ዘንድ በወይኗ ትታወቅ ነበር።

ይሁን እንጂ «የእሳተ ገሞራ አፈር» የሚለው ስያሜ የአፈሩን ወላጅ እንጂ ጠባዩን አይነግረንም። የኤትና አፈር በአብዛኛው ገና ወጣት የሆነ አመድና ስብርባሪ ድንጋይ ነው፤ አሸዋማ በመሆኑ ውሃ አያቁርም። የእኛ ባዛልት ግን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ኖሯል። በተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፣ በሜዳው ላይ ደግሞ ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ሆኗል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ2 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ሲሆን ሻካራ የአሸዋ ቅንጣት እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። በቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ በጠበበ መጠን ውሃውን አጥብቆ የሚይዘው ኃይል እንደሚያይል በመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ተምራችኋል። በዋልካ ላይ የተተከለ የወይን ሐረግ ክረምቱን ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይቆያል። ከአንድ ዓይነት ድንጋይ የተወለዱ ሁለት አፈሮች ለአንድ ተክል አንዱ መኖሪያ፣ ሌላው መቃብር ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ጣዕሙስ? አሌክስ ማልትማን የተባሉ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጉዳይ በሰፊው መርምረውታል። ሥር የሚስበው በውሃ የሟሙ እንደ ፖታሲየም ያሉ አዮኖችን ነው እንጂ ድንጋዩን አይደለም፤ የድንጋዩ ማዕድናት አብዛኞቹ የማይሟሙ፣ ጣዕምም ሽታም የሌላቸው ናቸው። ጋባዤ ያቀመሰኝ እንግዲህ ተራራውን አልነበረም። ታዲያ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት የኤትና ነጭ ወይን ጠጅ ቢያንስ 60 በመቶው ካሪካንቴ ከተባለው ኮምጣጣ የወይን ዝርያ መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ካታራቶ የተባለው ይደባለቅበታል። በከፍታ ቦታ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ ደግሞ ፍሬው ኮምጣጣነቱን ቶሎ አያጣም። ዝርያውና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ናቸው የሚቀመሱት።

በእኔ እምነት የጎንደር ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በድንጋዩ ሳይሆን በከፍታው። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ ከተማችን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ነገር ግን ወይኑን የሚያስተኛው ውርጭ ያለበት ክረምት የለንም። ሐረጉን በመግረዝና ውሃ በመከልከል ማስተኛት ያለበት ገበሬው ራሱ ነው። ፍሬው በሐምሌ ዝናብ ውስጥ እንዲበስል ከተተወም ሻጋታ ይቀድመዋል። ስለዚህ ከመስከረም በኋላ ገርዞ በበጋ ማብሰል ይገባል፤ ለዚህም መስኖ ያስፈልጋል። በዝዋይ አሸዋማ መሬት ላይ የካስቴል ኩባንያ ሻርዶኔን የመሳሰሉ ዝርያዎችን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ማቅረቡ ነገሩ በአገራችን የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል። ያ ግን የትልቅ ኩባንያ ገንዘብ ያለበት ሥራ ነው። የይፋግ ገበሬ ከአንድ ሄክታር ባነሰ ማሳው ላይ ጤፍና ሽምብራውን ትቶ ወይን ቢተክል፣ ተስፋ የሚሰጥ ፍሬ ለማየት ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅ አለበት። ማሳው ዋልካ ከሆነ ሦስቱ ዓመታት የሚከፈሉት ከልጆቹ ጉርሻ ነው። «አፈራችሁ የእሳተ ገሞራ ነው» ብሎ የመከረው ሰው ያን ጊዜ አጠገቡ አይገኝም።

ተማሪዬን ስለዚህ ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች መራሁት። ሥራቸውን በስተን በአንዱ የተዳፋት ቀይ አፈር፣ በሌላው ዋልካ ሞላን፤ ሁለቱንም አስቀድመን በውሃ አራስናቸውና እኩል ውሃ አፈሰስንባቸው። ቀዩ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜያችን ሳያልቅ ማንጠባጠቡን ጨረሰ። በማግሥቱ ጠዋት ስንመለስ በዋልካው ላይ ውሃው እንደ ተኛ ነበር።

«ዶክተር፣ ታዲያ ድብልቁስ?» አለኝ። የወይን ዝርያ የሚመረጠው ቴርሞሜትሩ አንድ ክረምትና አንድ በጋ በተዳፋቱ ላይ ካሳለፈ በኋላ ነው አልሁት። ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። በሳምንቱ ያመጣልኝ የጥናት ርእስ ግን «እሳተ ገሞራ» የሚለው ቃል ተሰርዞ በምትኩ «ተዳፋት» ተጽፎበት ነበር።