አትሌት የሚያሰኘው ላብ ነውን?

በአማርኛ «አትሌት» ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ሯጭ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ስያሜው ከሩጫ ጋር ተቆራኝቷል። ስለዚህም የጎልፍ ተጫዋች አትሌት ነው ሲባል፣ በሣር ላይ እየተራመዱ ኳስ መምታት ምን ድካም አለው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ መለኪያው ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ፀሐይ ማሾና ሽንኩርት ሲያርም የሚውለውን ገበሬ የሚቀድም አትሌት ባልተገኘ ነበር። ገበሬው ግን አትሌት አይባልም፤ የሚደክመው ለምርት እንጂ ለውድድር አይደለምና። ስያሜው የተገኘበት የግሪክ ቃልም ለሽልማት የሚወዳደርን ሰው ያመለክታል። እንግዲህ መለኪያዎቹ አራት ናቸው ማለት ይቻላል፦ የሰውነት ክህሎት፣ ደንብ፣ ተፎካካሪ እና የማያቋርጥ ልምምድ።

ጎልፍ እነዚህን ያሟላል። ተጫዋቹ 18ቱን ጉድጓዶች ለማዳረስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንዱ ምትም ከእግር እስከ ትከሻ መላ ሰውነትን ያሠራል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ1904 በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቶ፣ ከ112 ዓመታት በኋላ በ2016 በሪዮ ተመልሷል።

ጉዳዩ እኛን የሚነካው በገና ጨዋታ በኩል ነው። በዚህም በትር፣ ኳስና ግብ አለ፤ እንዲያውም የገና ተጫዋች ከጎልፍ ተጫዋች በላይ ይሮጣል፣ ይጋፋል። በአገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ገና፣ ትግልና የፈረስ ጉግስ ቦታ አላቸው። የጎልፍ ተጫዋች አትሌት ከተባለ፣ የገና ተጫዋች የሚነፈግበት ምክንያት የለም። በየመንደሩ የሚጎድለው አራተኛው መለኪያ ነው፤ ጨዋታው በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ሰሞን ተጀምሮ ያልቃል።

ስያሜው ብቻውን ግን ወጣቱን አይጠቅምም። በትር ያገኘው ቅልጥም ሐኪም ይሻል፤ ልምምድም ሜዳና አሠልጣኝ ይፈልጋል። ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ በአብዛኛው 50 ሔክታርና ከዚያ በላይ መሬት፣ ከብዙ ውኃ ጋር ይወስዳል፤ በመስኖ ለሚኖር ቆላ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ለገና ግን አንድ ገላጣ ሜዳ ይበቃል። ከተሞቻችን በመንገድ ዳር እየሰፉ ሲሄዱ ያ ሜዳ ከግንባታ ተርፎ እንዲቆይ ማድረግ፣ ወጣቱን «አትሌት» ብሎ ከመጥራት መቅደም አለበት።