ጥቁር ጠላ በደጀን

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የኮሌጅ ባልንጀራዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደጀን አደረ። ማታ ስለ ውጭ አገር መጠጥ ሲያወጋኝ፥ ጀርመኖች ራይ ከሚባለው የብርድ አገር እህል ብቅል ጠቆር ያለ ቢራ እንደሚጠምቁ፥ ፊንላንዶችም ሳህቲ የሚሉትን የገብስና የራይ ብቅል ቀላቅለው በጥድ ቅርንጫፍ እንደሚያጠሉት ነገረኝ። «እኛስ ምን አለን?» አለኝ። በማግስቱ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ወደተደፋበት ቤት ወሰድሁት።

ባለቤቲቱ የአንድ ተማሪዬ እናት ናቸው። ልጁ ደጃፍ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። ጓደኞቹ «የጠላ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያፌዙበታል፤ እኔም አንድ ቀን ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌያለሁ። ደብተሩ የሚገዛው ግን በዚያው ጠላ ነው።

ጥቁር ጠላ ሲቀርብላችሁ ወዲያው አትጨልጡት። መጀመሪያ አሽትቱት፤ ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጢስ ይቀበላችኋል። ቀጥሎ በጥቂቱ ተጎንጩ፤ እስኪጠቁር የተቆላው እህል የቡና ዓይነት ምሬት ይሰጣል፤ ከኋላ ጌሾው ምላስን ጠበቅ ያደርጋል። ፈረንጆች ሆፕስ በሚሉት አበባ ቢራን እንደሚያመርሩ፥ እኛ ዘንድ ይህን የሚሠራው ጌሾ ነው።

ባልንጀራዬ «ስንት ቀን ይፈጃል፥ እናቴ?» ሲል ጠየቃቸው። «እንደ አየሩ ነው ልጄ፤ በብርድ ጊዜ ጥንስሱ ይለግማል» አሉት። እርሾ በብርድ ሥራው እንደሚዘገይ እኔ በጥቁር ሰሌዳ የማስተምረውን እርሳቸው በእጃቸው ያውቁታል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ከተቋቋመ ወዲህ ጠርሙስ የሥልጣኔ ምልክት የሚመስለው ሰው በዝቷል። ጠርሙሱን አልነቅፍም፤ ዋንጫውን መናቅ ግን ዕውቀት አይደለም። ደግሞም ልክ ይኑራችሁ፤ ጥቁር ጠላ አፍ ላይ የዋህ ነው፥ ለመነሣት ሲሞክሩ ግን ጉልበት ይይዛል። የወር ደመወዝም እንዲሁ በዋንጫ ያልቃል።

ሰኞ ስለ እርሾ ስናጠና፥ አስቀድሜ ፈቃዱን ጠይቄ፥ ልጁ የጠላን አጠማመቅ ለክፍሉ እንዲያስረዳ አደረግሁ። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣ አለው። ከብቅሉ ወደ ጥንስሱ፥ ከጥንስሱ ወደ ድፍድፉ ሲደርስ ግን ቀና አለ። ሲጨርስ ከፌዘኞቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፥ «ጌሾው ስንት ይገባል?» ብሎ ጠየቀው። ይህን ትምህርት ማስተማር የነበረብኝ ያን ጊዜ፥ ሲስቁ በሰማሁበት ቀን ነበር።