የማንም ያልሆነች ላም

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ላህ ወንዝ ዳር ከብት ስንጠብቅ፣ ገበጣችን መሬቱ ራሱ ነበር። በተረከዛችን ስድስት ጉድጓድ በዚህ፣ ስድስት በዚያ እንፈለፍልና በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር እንጥላለን። በድምሩ 48 ይሆናል። ጠጠር ካነሰ የእንቧይ ፍሬ፣ እሱም ከጠፋ ከኪሳችን የበቆሎ ቆሎ።

አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን ከወንዙ ነጫጭ ጠጠር ብቻ መርጦ ለቅሞ መጣ። 24 ናቸው፤ ልክ የእሱን ስድስት ጉድጓድ የሚሞሉ። ሁለት ሦስት ዙር እንደሄድን ነጩ ከጥቁሩ ተደባለቀ፣ ግማሹም ማዶ ገባ። ልጁ ደሙ ፈላና «ጠጠሬን መልስ!» አለ። ማዶኛውም «እኔ ደጅ ነው ያለው፣ ምኑን ነው የምመልሰው?» አለው። ነገሩ ወደ ቡጢ ሲያመራ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጠውና አያ የምንለው እረኛ ዱላውን እንደተመረኮዘ ጎንበስ ብሎ አየ። «አንተ፣ ይሄን ጠጠር ወልደኸዋል? ከወንዝ ነው ያነሣኸው። ከዘራኸው በኋላ የማን ደጅ እንደወደቀ ነው የሚጠየቀው» ብሎ ፈረደ።

ያንን ፍርድ ዕድሜዬን ሙሉ ሳመላልሰው ኖሬያለሁ። ገበጣን ከማውቃቸው ጨዋታዎች ሁሉ የሚለየው እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ገበጣ ላይ ወገን ያለው መሬቱ ነው፤ ጠጠሩ ወገን የለውም። ዓለም ዛሬ «ገለልተኛ» ብሎ ከሚሸጣቸው የጨዋታ ፍጥረታት አንዱም እዚህ ድረስ አልደረሰም ብዬ እከራከራለሁ።

መጀመሪያ ከቅርባችን እንነሣ። ሰንጠረዥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር እንደተጫወቱ ተጽፏል። በሰንጠረዥ ንጉሡም፣ ፈረሱም፣ ሜደቁም ጌታው የታወቀ ነው። የእኛ አገር ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ ሠራዊቱን እንደ ፈለገ ያሰልፍ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ግን የትኛው ጭፍራ የማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም ነበር። የተማረከ ይሞታል፣ ከገበታው ይወጣል። የጃፓኖቹ ሾጊ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ የማረክኸውን መልሰህ ለራስህ ታሰልፈዋለህ። ቀለም የለውም፣ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሹል ጫፉ ወደ ማን እንደዞረ ታይቶ ነው። ከዳ ማለት ነው እንጂ ጌታ አላጣም።

ካርታ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ጆከርን ያውቃል። ከአራቱ ወገን የአንዱም አይደለም፤ በጎደለው ካርታ ቦታ ገብቶ ይቆማል። ገለልተኛ ማለት ለብዙ ሰው ይኸው ነው፤ የትም የሚገጥም። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለው የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» ይህን ሐሳብ አሰፋው። እየተገዛ፣ እየተለዋወጠ የሚጠራቀም ካርድ ነው። ፍጥረቶቹ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ በሚባሉ አምስት ወገኖች ተከፍለዋል። ከእነዚህ ውጭ ቀለም የሌላቸው አሉ፤ ጎለምን የመሰሉ፣ ተሠርተው የቆሙ ፍጥረታት። የየትኛውም ቀለም ተጫዋች ሊያሰልፋቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ሀርትስቶን» የተባለው የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታማ እንዲህ ያሉትን ስሙን ሳይሸሽግ «ገለልተኛ» ብሎ ሰየማቸው።

ነገር ግን ገለልተኛነቱ እስከ መሰለፍ ብቻ ነው። የማጂክ ሕግ «ባለቤት»ን እና «አዛዥ»ን ለይቶ ያስቀምጣል። የሌላውን ፍጥረት በድግምት ነጥቀህ ልታዝዘው ትችላለህ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ካርዱ ወደ ባለቤቱ ኪስ ይመለሳል። መጀመሪያ ሲወጣ የተሸነፈ ሰው ያስያዘውን ካርድ የሚያጣበት የውርርድ ሕግ ነበረው፤ ኋላ ያ ቀረ። ቀለም ያጣው ፍጥረት ጌታ አላጣም ማለት ነው። ወንዝ ዳር ያኮረፈው ጓደኛችን ሲፈልግ የነበረው ይህንኑ ነው፦ ይዘራ፣ ይዙር፣ ማታ ግን ነጩ ጠጠር ወደ እኔ ይመለስ።

ገበጣ ይህን አይሰጥም። ከዳር ጉድጓዱ አራት ጠጠር ያነሣ ሰው አራቱንም በባላጋራው ደጅ ይዘራል። ምርጫ የለውም፣ አንድ በአንድ እየጣለ መሄድ አለበት። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ካገኘች ያንን ዘግኖ ይቀጥላል፤ ባዶ ጉድጓድ ካገኘች ተራው አለቀ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሲዘራ አንዱ ጉድጓድ አራት ከሞላ «ላሟ ወለደች!» ይባላል። አራቱን የሚያነሣው ባለ ደጁ ነው። አራት ያደረገቻት የመጨረሻዋ ጠጠር ከሆነች ብቻ ዘሪው ያነሣል። ሌላ ቀበሌ ሌላ ሕግ ይኖረዋል፤ ገበጣ እንደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እዩት። እኔ በእጄ የጣልኩት ጠጠር በአንተ ደጅ ላምህን አስወለደልህ። ሦስት ሆና ስትጠብቅ የነበረችውን አራት ያደረግኋት እኔ ነኝ። ብልህ ተጫዋች ስለዚህ የሚቆጥረው የራሱን ሀብት ብቻ አይደለም። ዘሩ በማን ደጅ ስንት አድርጎ እንደሚያልፍ ቀድሞ በዓይኑ ይቆጥራል። ታላላቆቻችን ጉድጓዱን በጣት ሳይነኩ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ሰንጠረዥ ላይ ጠላትህን ታያለህ። ገበጣ ላይ የምታየው መንገዱን ነው፤ ምክንያቱም አሁን ጠላትህ ደጅ ያለች ጠጠር ከሁለት ዙር በኋላ አንተ ደጅ ትቆማለች።

አንድ ተቃውሞ ይነሣል፣ ትክክለኛም ነው። ያነሣሃቸው አራቱስ? ጎንህ ትከምራቸው የለም ወይ? አዎ፣ እዚያ ላይ ጠጠሩ ጌታ ያገኛል። ግን እስከ መቼ? ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ያነሣውን መልሶ በየጉድጓዱ አራት አራት ይሞላል። 28 የሰበሰበ ሰባት ጉድጓድ ይሞላል፤ 20 የቀረው አምስት። አሸናፊው ከማዶ አንድ ጉድጓድ ወሰደ ማለት ነው። የተከመረው ሀብት የሚረባው መሬት ለመያዝ ብቻ ነው፤ እንደ ተያዘም ተመልሶ ዘር ይሆናል። ክምር ይዞ መቀመጥ የሚባል ነገር ጨዋታው አያውቅም።

ይህ ነገር ለጎጃም ሰው ጆሮ እንግዳ አይመስለኝም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እዚሁ ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ነገር አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ርስት መሬቱን መጀመሪያ በያዘው ዋና አባት ስም የቆመ ነበር፤ በእናትም በአባትም የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። የሰው ይዞታ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ሲሰፋና ሲጠብ ይኖር ነበር፤ ተከራክሮ ያገኘ ይጨምር፣ ዘመድ የመጣበት ያካፍል ነበር። ገበጣ ከርስት ወጣ ማለቴ አይደለም፤ ጨዋታው በአፍሪካም በእስያም ተሰራጭቶ ይገኛል። ርስት ራሱም በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል። የምለው፣ ድንበር ሲገፋና ሲመለስ ያደገ ልጅ የገበጣን ሕግ ለመረዳት ሁለት ጊዜ መነገር አላስፈለገውም ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጽሑፍ ከመቶ በላይ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ በዚያው ዓመት ስለ ሰንጠረዥም ጽፈዋል። ባለ ሁለት ረድፍ፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት አለ። ሦስት ረድፍ ያለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ዙሪያ ካልሆነ በቀር የትም አይገኝም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ሀብት ኩባንያ ሳያሳትመው፣ ሳይሸጥና ሳይለወጥ፣ ከእረኛ ወደ እረኛ የመጣ ነው። በካርድ ዓለም ብርቅ የሆነውን ካርድ የያዘ ልጅ ገና ሳይጫወት ይበልጣል። ላህ ዳር ማንም በጠጠሩ አይበልጥም ነበር፤ ነጩም ጥቁሩም ሲዘራ እኩል አንድ ነው።

ዛሬ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ልጆች ስልክ ላይ አጎንብሰው ሲጫወቱ ሳይ አልቆጣም፤ እኔም ስልክ እይዛለሁ። የሚቆጨኝ ግን ከስልኩ ጎን ገበጣ አለመኖሩ ነው። አሥራ ሁለት ጉድጓድ የማይፈለፈልበት የትምህርት ቤት ግቢ የለም። የሒሳብ መምህር ሁለተኛ ክፍል ገብቶ መደመርና መቀነስን ከዚህ በተሻለ በምን ያስተምራል? ጠጠር የማይለቀምበት ቀበሌስ የት አለ?

ያን ቀን ጓደኛችን አኩርፎ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ቁጭ አለ። ነጩን ከጥቁሩ ሳይለይ ዘግኖ መዝራት ጀመረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቱን ነዳን፤ ጥጃው ሁሉ የየራሱን ደጅ እያወቀ ገባ። ነጫጮቹን ጠጠሮች ግን ማንም ወደ ቤት አልወሰዳቸውም። በማግስቱ ስንመጣ ከማዶ ቀበሌ የመጡ እረኞች ቀድመውን ጉድጓዶቻችን ላይ ተቀምጠዋል፤ በእነዚያው ጠጠሮች እየተጫወቱ።