የነቀልነውን እምቦጭ ለጣና ማን መለሰለት?

ለክቡር የጣና ሐይቅ ጥበቃ ሥራ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከጣና ወጥቶ ወደ ጣና ስለተመለሰው አረም

ክቡር ሆይ፣

ስለ እምቦጭ ምንነት አልጽፍልዎትም፤ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጡበት እርስዎ ያውቁታል። የምጽፈው ስለ ክምሩ ነው።

በበጋው፣ በሐይቁ ዳር ያለው የፎገራ ገበሬ ሥራውን ጥሎ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቀለ። እኛም ከጋሳይ ወርደን አገዝን። ዳር ላይ ከምሩት ያሉን የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች ናቸው። «መኪና መጥቶ ያነሣዋል» አሉን። እንግዶች መጡ፣ ክምሩ አጠገብ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ሄዱ። መኪናው አልመጣም። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፤ ሐይቁ ሞላና ክምሩን ወሰደው።

ድንገተኛ ነገር ነው እንዳይሉን። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ፣ ጥልቅ በሚባለው ስፍራው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። የፎገራ ዳርቻ ደግሞ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ውሃው አንድ ሜትር ከፍ ሲል የቱን ያህል ማሳ እንደሚውጥ ከቢሮ መስኮት አይታይም፤ የፎገራን እረኛ ይጠይቁ። ሐይቁ በየክረምቱ ይሞላል፣ ወደ መስከረምና ጥቅምት ከፍታው ላይ ይደርሳል። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ክምሩ የተቀመጠው ውሃው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው ጣናን አያውቀውም፤ አውቆ ዝም ያለ ደግሞ… ክቡርነትዎን እንዳልደፍር እዚህ ላይ ልተወው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እናንተው ፍረዱ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እምቦጭን የመንቀል የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ አቤት ያልነው እኛ ነን። ውሎ አበል አልጠየቅንም። ጉልበታችንን ግን ውሃ በላው።

ስለዚህ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ዘንድሮ የሚወጣው አረም ክረምቱ ሳይገባ ከሙላቱ ወሰን በላይ ይጓጓዝ፤ ወሰኑም በችካል ይታይ። ነገር ከተነሣ አይቀር ሌላም ልጨምር። እምቦጩን የሚቀልበው ከየማሳው ተጠርጎ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ይህን ይዘው የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወንዞች የሚነሡት ደግሞ ከእኛው ከጉና ተራራ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ካርታ ግን ሐይቁን ዳርቻው ላይ ይጨርሰዋል! ገብስና ድንች የምናርስበት ተዳፋት እየተሸረሸረ የት እንደሚያርፍ እናውቃለን፤ እርከን የምንሠራበት ድጋፍ ይሰጠን፤ ተራራው ይጠበቅ ተብሎ ጉናን ለቃችሁ ውጡ የምንባል ከሆነም ከብቶቻችን ምን እንደሚግጡ አስቀድሞ ይነገረን። የዳርቻው ደንገል ተመንጥሮ እስከ ውሃው ጫፍ ለሚታረሰው መሬት፣ ሩዝ አራሹን ሳያፈናቅል መላ ይበጅለት። ከሁለቱ ወንዞች አሸዋ የሚዛቀው በማን ፈቃድ እንደሆነ ይገለጽ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ አብረን አጨብጭበናል፤ ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ስም ገብቶ የወጣው ገንዘብ ተቆጥሮ በአደባባይ ይነበብልን። መልስዎም በወረታ ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
ከጋሳይ፣ ከጉና ሥር

ግልባጭ፦
ለፎገራ፣ ለሊቦ ከምከምና ለደራ ገበሬዎች
ክምሩ አጠገብ ፎቶግራፍ ለተነሡ እንግዶች