ውኃው ምን አጠፋ?

በአማርኛ ፊልም «ይታጠባል»። ቃሉ ሳያሳስተን አልቀረም መሰለን፣ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ፊልም አጥቦ ምስል ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ውኃውን ነው። ውኃው ነጻ ከወጣ ኬሚካሉን፣ ኬሚካሉ ካመለጠ ደግሞ ሻጩን። ከዚያ ፊልሙ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት፣ ገንዘቡ ወደ አዲስ ጠርሙስ! እኛ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንላለን፤ ምስክር ሳይሰማ አይፈረድ።

ምስክሩ የፊልሙ ጠርዝ ነው። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ያሉትን ቁጥሮችና የፊልሙን ስም ፋብሪካው በብርሃን ጽፏቸዋል፤ እንዲታዩ የሚያደርጋቸው ግን የእኛው ዴቨሎፐር ነው። ስለዚህ ፊልሙ ባዶ ሆኖ የጠርዙ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ከታየ፣ እጥበቱ ደህና ነበር፤ ጥፋቱን ካሜራው ዘንድ ፈልጉት። ምናልባት ፊልሙ በደንብ ሳይያዝ ቀርቶ ጭራሽ አልዞረም ይሆናል። ጽሑፉም ከሌለ ዴቨሎፐሩ ሞቷል፣ ወይም ፊክሰሩ ቀድሞት ገብቷል። ጽሑፉም ምስሉም ከሳ ካሉ ደግሞ ጊዜው አጥሯል፣ ዴቨሎፐሩ ቀዝቅዟል ወይም ደክሟል።

ፊልሙ ወተት የመሰለ እንደሆነስ? ለቀብር አትቸኩሉ! ፊክሰሩ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው፤ አዲስ ፊክሰር ውስጥ መልሶ መክተት ብዙ ጊዜ ያድነዋል። እኛን የሚያንገበግበን ይህ ነው፤ ሊድን የሚችል ፊልም ይጣላል። ኬሚካል እንደገና ይገዛል፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ግን እንደገና ፎቶ አይነሡም።

ለከርሞውስ? ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ትራይ-ኤክስ 400 ባልቀጠነ ዲ-76 ውስጥ በ20 ዲግሪ 6 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በ24 ዲግሪ ወደ 5 ደቂቃ ግድም ይወርዳል። ይህን ልዩነት ጣት ነክሮ መለየት አይቻልም። ዴቨሎፐሩን ከጠረጠራችሁ ደግሞ ከፊልሙ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ በብርሃን ንከሩበት፤ በጥቂት ደቂቃ ካልጠቆረ ዴቨሎፐሩን ድፉት። ሙከራው የሚያስከፍለው ያቺን ቁራጭ ብቻ ነው።

ሌላው ልመናችን፣ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬሚካሉንም ጊዜውንም ፊልሙንም ባንዴ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ሳያውቅ የዳነ ደግሞ ሳያውቅ መታመሙ አይቀርም። ያኔም ውኃው ይከሰሳል።