ቁልፍ ያዥ ወይስ የንባብ መሪ?

ቤተ መጻሕፍት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው የሚሰጠው መልስ ሕንፃና መደርደሪያ፣ ወንበርና ጸጥታ የሚል ነው። በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ታላቅ ነገር ጎድሏል፤ እሱም ሰው ነው። መጽሐፉን የሚያውቅ፣ አንባቢውንም የሚያውቅ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው አልተጠቀሰም። ይህ ግድፈት በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። ቤተ መጻሕፍትን እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ የቤተ መጻሕፍትን ባለሙያ ደግሞ እንደ ቁልፍ ያዥ የሚቆጥር ኋላ ቀር አስተሳሰብ የወለደው ነው። አስተሳሰቡ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሥር ሰዶ የሚገኝ በመሆኑ፣ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዶ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዘመቻው ካስገነዘባቸው ቁም ነገሮች አንዱ ፊደል መቁጠር የመንገዱ መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑ ነው። ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ነገር ካጣ የቆጠረውን ይረሳል፤ የገጠር ንባብ ቤቶች ያስፈለጉትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት መሃይምነት ተደቅኗል። የዚህኛው መሃይምነት ሰለባ ማንበብ የማይችለው ሰው አይደለም፤ ማንበብ የሚችለው፣ ነገር ግን ያነበበውን መመዘን ያልተማረው ነው።

በአማርኛ የመረጃ ንቃት ሊባል የሚችለው ጽንሰ ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት አሜሪካዊው ፖል ዙርኮቭስኪ ነበር። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ዘገባ ለጽንሰ ሐሳቡ ትርጉም ሰጠው። በዚህ ትርጉም መሠረት የመረጃ ንቃት ያለው ሰው መረጃ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ይገነዘባል፤ መረጃው ከየት እንደሚገኝ ያውቃል፤ ያገኘውን ይመዝናል፤ የመዘነውን በሥራ ላይ ያውላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ ጉዳዩን ከዕድሜ ልክ ትምህርት ጋር አያይዘው መሠረታዊ ሰብዓዊ መብት ነው ሲሉ አወጁ።

ስያሜው ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ሕዝብ የመረጃን ምዘና ከአበው ተምሯል። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ቃል አንሥቶ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ሲያፈራርቅ፣ ደቀ መዝሙሩ አንድ ጽሑፍ በአንድ ዐይን ብቻ እንደማይነበብ ይማር ነበር። ከአገሪቱ ታሪክ ውስጥም የማይረሳ ምስክር አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይቻላታል ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎባት ነበር። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ተንኮሉ ይገለጣል፤ አንዱ ብቻ ሲነበብ ግን ተሸፍኖ ይቀራል። የዚያ ልዩነት መጨረሻ ዐድዋ ነበር። ምንጭን ከምንጭ ማነጻጸር የአገር ነጻነት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ይህን ዕውቀት ለሰፊው ሕዝብ ለማዳረስ ከቤተ መጻሕፍት የተሻለ ስፍራ የለም፤ በሩ ለተማሪውም ለሠራተኛውም ለጡረተኛውም ክፍት ነውና። ሆኖም ሁለት ዓይነት ተከራካሪዎች መንገዱን ይዘጋሉ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ ሕንፃ አምላኪው ነው። «ሕንፃው ተሠርቷል፣ መጽሐፉ ተደርድሯል፣ ሪባኑ ተቆርጧል፤ ከእንግዲህ ምን ጎደለ?» ይላል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርም ሆነ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አብርሆት የአገር ሀብቶች ናቸው፤ ክርክሩ ከሕንፃዎቹ ጋር አይደለም። ክርክሩ ሕንፃው ሲያልቅ ሥራውም አልቋል ከሚለው እምነት ጋር ነው። ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው የታወቀ ሥራው መጻሕፍትን ከማከማቸት ይልቅ ማሠራትን የሙያው የመጀመሪያ ሕግ አድርጎ ካስቀመጠ ዘመናት አልፈዋል። ለዚህ ሕግ ሕያው አስረጂ የሚሆኑት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ንባብ ባለሙያ ሆነው ከሠሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ሙያ ካለ የአህያ ጋሪም ቤተ መጻሕፍት ይሆናል፤ ሙያ ከሌለ ግን ግዙፉ አዳራሽ መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ተከራካሪ ስልክ አምላኪው ነው። ሁሉም ነገር በእጅ ስልክ ስለሚገኝ ቤተ መጻሕፍትም ባለሙያውም ጊዜ አልፎባቸዋል ባይ ነው። ይህ አባባል የመረጃን ብዛት ከዕውቀት ጋር ያምታታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገር በገባ ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በሽታውን ይከላከላሉ የሚለው ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛመት፣ የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ የጎደለው ማን አለው፣ በምን ማስረጃ አለው ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነበር። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ የሚቀጣው አብዛኛውን ጊዜ ሐሰቱ ከተነዛ፣ ጉዳቱም ከደረሰ በኋላ ነው። ሐሰቱን ገና ሲሰማ የሚጠረጥር አንባቢ የሚፈጠረው በፍርድ ቤት ሳይሆን በንባብ ክፍል ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተነገረ ንግግርን፣ ያልተነሣ ፎቶግራፍን አስመስሎ በሚያወጣበት ጊዜ፣ የሚመዝን ባለሙያ አያስፈልግም ማለት ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

ታዲያ ይህ ባለሙያ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? በሌላ ክፍል ቦታ ያልተገኘለት፣ ከአለቃው ጋር ያልተስማማ ወይም ጡረታው የደረሰ ሠራተኛ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመደብበት ልማድ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ሹመት ሲሆን ለሌላው፣ ግዞት ሲሆን ለቤተ መጻሕፍት! ከዚህም የባሰው የንብረት ኃላፊነት አሠራሩ ነው። መጽሐፍ ሲጠፋ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት የሚፈራ ሠራተኛ መጽሐፉን ከማዋስ ይልቅ መቆለፍን ይመርጣል፤ የሥራው መለኪያ ስንት ሰው አነበበ የሚለው መሆኑ ቀርቶ ስንት መጽሐፍ አልተነካም የሚለው ይሆናል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ቁልፍ ያዥ ሆነ ተብሎ ሲወቀስ ይሰማል፤ ቁልፍ ያዥ ያደረገው ግን አሠራሩ ነው።

አገሪቱ ሙያውን የማስተማር ልምድ የላትም ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጭምር የመጡ ተማሪዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ጥያቄው ይህ ዕውቀት ወደ ወረዳው ቤተ መጻሕፍትና ወደ ትምህርት ቤቱ የንባብ ክፍል በምን መንገድ ይውረድ የሚለው ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ አይበቃም፤ የመረጃው መልክ በየዓመቱ ሲለዋወጥ የባለሙያውም ሥልጠና መታደስ አለበት። ሥልጠናው መጻሕፍትን በመመደብና ካታሎግ በማዘጋጀት ብቻ ሊወሰን አይገባም። ምንጭን መመርመር፣ የጽሑፍን ደራሲ፣ ዘመንና ዓላማ ማጣራት፣ ሥዕልንና ፎቶግራፍን ከመነሻው ማረጋገጥ፣ ከሁሉም በላይ ይህን ለሌላው ማስተማር በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ዋና ቦታ ሊይዙ ይገባል።

ኃላፊነቱም በባለሙያው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። በጀት የሚደለድለው ካድሬና አስተዳዳሪ ለሕንፃ ከሚመድበው ገንዘብ ለሥልጠናና ለባለሙያው ደረጃ ድርሻ ሊያወጣ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ ለሚያረጅና ለሚጠፋ መጽሐፍ ሠራተኛውን የሚቀጣውን አሠራር ሊያሻሽል ይገባዋል። መምህሩ ተማሪውን አንድ መማሪያ መጽሐፍ እንዲሸመድድ ከማድረግ ይልቅ ሁለት የማይስማሙ ምንጮችን አነጻጽሮ እንዲመጣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይላከው፤ ከባለሙያውም ጋር ተመካክሮ ትምህርቱን ያዘጋጅ። የኪነ ጥበብ ሰውም ስለ ታሪክ ሲጽፍ፣ ሲሥል ወይም ሲተውን ወሬን ከማስረጃ የሚለየው በዚያው ስፍራ ነውና፣ የዚህ ትግል ተመልካች ሳይሆን ባለቤት ነው።

በጎተራ ያለ እህል ዘሪ ካላገኘ ነቀዝ ይበላዋል እንጂ አያፈራም። በመደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ዘሪው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ነው። ይህን ሰው ሳያስተምሩ፣ ሳያከብሩና ሳያሠሩ ስለ ንቁ ኅብረተሰብ መናገር እርሻ ሳያርሱ ስለ መኸር እንደ ማውራት ነው። ቁልፉ ከእጁ ይወሰድ፤ በምትኩም ሙያ፣ ሥልጣንና አደራ ይሰጠው።