ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ደናችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ

እኛ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድነት የምንገኝበት ማኅበር አባላት፣ ዝናብ በቀረ፣ በረዶ አዝመራ በመታ፣ ጎርፍ ማሳ በጠረገ ቁጥር «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ተብሎ ነገሩ የሚታለፍበትን ልማድ መርምረን የሚከተለውን አቋም ይዘናል።

መከራ የወረደበት ሰው ሁሉ በኃጢአቱ ነው መባሉን አንቀበልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ኢየሱስ ክርስቶስ የሰሊሆም ግንብ ተንዶ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስም ውሃ የወሰደውና ሕንፃ የተደረመሰበት አማኝ ከሸሂዶች (ከሰማዕታት) ይቆጠራል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጇን የቀበረችን እናት «በደልሽ ነው» ማለት በሁለቱም ሃይማኖት ነውር ነው።

ዝናቡ የፈጣሪ ነው፤ ስለ እሱ ምህላ እንይዛለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። አፈሩን ግን እኛ እንጠየቅበታለን። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ታዟል፤ ሱረቱ አር-ሩምም በየብስና በባሕር የታየውን ጥፋት ከሰው እጅ ሥራ ጋር ያያይዘዋል። በጉና ተራራ ላይ የአስታ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተመንጥሮ ገብስ ከተዘራበት ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በጉማራ ወንዝ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሕዝብ ሲያፈናቅሉ ዝናቡ ከሰማይ ነበር፤ ተዳፋቱን ያራቆትነው ግን እኛ ነን።

አፈሩን የሚይዘው አገር በቀል ደን በዞናችን በደቡብ ጎንደር የተረፈው በአብዛኛው በየአድባራቱ ዙሪያ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ካህናቱና ምእመናኑ ይህን ያህል ማቆየታቸው ያኮራናል። ይሁን እንጂ ከአንጋፋው ወይራ ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ጭንቀታችን ይገባዋል፦ ዘሩ ይበቅላል፣ ጥቂት ቅጠል ያወጣል፣ ከዚያ በከብት ይጋጣል ወይም ይረገጣል። አንጋፋው ሲወድቅ የሚተካው ችግኝ የለም።

ስለዚህ ከብት ወደ ቤተ ክርስቲያን አጸድ እንዳይገባ፣ በአጸዱም ውስጥ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል የየአጥቢያውን ሰበካ ጉባኤ እንጠይቃለን። መስጂዶችም በግቢያቸውና በመቃብር ቦታቸው ያለውን አገር በቀል ዛፍ በዚሁ ደንብ እንዲጠብቁ እናሳስባለን፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) ቢደርስ እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው እንዲተክለው አዘዋልና። ማገዶ የሌለው ድሃ በክልከላው ብቻውን እንዳይጎዳ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከአጸዱ ውጭ ለማገዶ የሚሆን የወል መሬት እንዲለይ እንጠይቃለን።

በዞናችን አንዳንድ አጥቢያዎች ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደናቸውን በካብ አጥረዋል፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተረፈ። እኛም አዝመራው እንደተሰበሰበ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በደቦ ወጥተን ካቡን እንጀምራለን።